በአንድ የቤት ኮምፒውተር ላይ ሁለት ጥንድ ስፒከሮችን ማገናኘት

በጎንደር ብዙ ቤቶች ኮምፒውተሩ የሚቀመጠው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ድምፁ ግን በሌላም ክፍል ይፈለጋል። ወጥ ቤት ያሉት እናት መዝሙሩን ወይም ዜናውን መስማት ይሻሉ፤ ተማሪው ልጅ የተቀረጸውን ትምህርት መኝታ ክፍሉ ሆኖ መከታተል ይመርጣል፤ ለጥምቀት ከሩቅ የመጣው ዘመድ ቤቱን ሲሞላው ደግሞ ግቢ ውስጥ በተጣለው ድንኳን ሥር ለተቀመጠውም እንግዳ ድምፁን ማድረስ ያስፈልጋል። ለዚህ ሁሉ ሁለተኛ ኮምፒውተር መግዛትም ሆነ ያለውን ስፒከር ድምፁ እስኪሰነጠቅ ድረስ ማስጮህ አያስፈልግም። በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛ ጥንድ ስፒከር መጨመር ይቻላል፤ በአብዛኛው ቤትም ሥራው ከአንዲት አጭር ገመድ የበለጠ ዕቃ አይጠይቅም።

ይሁን እንጂ ገመድ ለመግዛት ከመውጣትዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ለይተው ማወቅ አለብዎት። የመጀመሪያው ስፒከሮቹ የራሳቸው ማጉያ፣ ማለትም አምፕሊፋየር፣ ያላቸው መሆን አለመሆናቸው ነው። ሁለተኛው በሁለቱ ጥንዶች እንዲሰማ የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ወይስ የተለያየ የሚለው ነው። የሚቀጥለው ሥራ በሙሉ የሚወሰነው በእነዚህ ሁለት መልሶች ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ሳይለይ ከአዘዞ ወይም ከማራኪ ተነሥቶ ፒያሳ ድረስ ይመጣና ባለሱቁ ያቀበለውን ገመድ ይዞ ይመለሳል፤ ቤት ሲደርስም ገመዱ ለእርሱ ሥራ የማይሆን ሆኖ ያገኘዋል።

የመጀመሪያውን ለመለየት የስፒከሩን ጀርባ መመልከት ይበቃል። ስፒከሩ ሶኬት ላይ የሚሰካ የመብራት ገመድ ወይም የዩኤስቢ ገመድ ካለው፣ የድምፅ ማስተካከያ ቁልፍም ከተገጠመለት፣ ማጉያው በውስጡ ነው። ለኮምፒውተር ተብለው የሚሸጡት ስፒከሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም እንደዚህ ናቸው፤ አንድ ትልቅ ሳጥንና ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ይዘው የሚመጡትም ከዚሁ ወገን ናቸው። በአንጻሩ ከጀርባው ቀይና ጥቁር መያዣ ብቻ ያለበትና በሁለት እርቃን ሽቦዎች የሚገናኝ ስፒከር ማጉያ የለውም፤ ከድሮ ቴፕ ወይም ከትልቅ የሙዚቃ ማጫወቻ የተረፉት ስፒከሮች አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ዓይነት ናቸው። እንዲህ ያለውን ስፒከር በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ምንም አይጠቅምም፤ በኮምፒውተሩና በስፒከሩ መካከል የግድ አምፕሊፋየር መኖር አለበት።

ሁለቱም ጥንዶች የራሳቸው ማጉያ ካላቸውና አንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ የሚፈልጉ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንድ ጃክ ገብቶበት በሁለት ቀዳዳ የሚወጣበት ማከፋፈያ ገመድ፣ በተለምዶ ስፕሊተር የሚባለው፣ ይበቃዎታል። ጃኩን በኮምፒውተሩ አረንጓዴ ቀዳዳ ላይ፣ ላፕቶፕ ከሆነም በኤርፎኑ ቀዳዳ ላይ ይሰኩት፤ ከዚያ የሁለቱን ስፒከሮች ጃኮች በሁለቱ ቀዳዳዎች ላይ ያስገቡ። ሮዝ ቀለም ያለው ቀዳዳ የማይክሮፎን፣ ውሃ ሰማያዊው ደግሞ ድምፅ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባበት ስለሆነ በእነርሱ ላይ አይሰኩ። በአንዳንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ጀርባ ላይ ጥቁርና ብርቱካናማ ቀዳዳዎችም አሉ፤ እነዚህ አዳራሽ መሰል የዙሪያ ድምፅ ለሚሰጡ የስፒከር ስብስቦች የተዘጋጁ ናቸው። ሁለተኛውን ጥንድ በጥቁሩ ላይ ሰክተው ምንም ድምፅ ባይሰሙ ስፒከሩ ተበላሽቷል ብለው አይደምድሙ፤ ተራ ሙዚቃ የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ስላለው የኮምፒውተሩ ቅንብር ካልተለወጠ በስተቀር ወደዚያ ቀዳዳ የሚላክ ነገር የለም።

ስፕሊተሩን ሲገዙ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ጃኩን ወደ ዓይንዎ አስጠግተው ይመልከቱት። በብረቱ ላይ ዙሪያውን የሚያቋርጡ ቀጫጭን ጥቁር ቀለበቶች ይታዩዎታል፤ እነዚህ የብረቱን ክፍሎች አንዱን ከሌላው የሚለዩ የፕላስቲክ ማገጃዎች ናቸው። ሁለት ቀለበት ካለው ብረቱ በሦስት ይከፈላል፤ ጫፉ የግራውን ድምፅ፣ መካከለኛው የቀኙን፣ ወደ እጀታው የቀረበው ረጅሙ ክፍል ደግሞ የጋራ መመለሻውን ይይዛል። እርስዎ የሚፈልጉት ይህንን ነው። አንድ ቀለበት ብቻ ካለው ግራና ቀኝ የማይለይ ገመድ ነውና ይተውት። ሦስት ቀለበት ካለውና ከሁለቱ ቀዳዳዎች በአንደኛው ላይ የማይክሮፎን ሥዕል ካለበት ደግሞ ኤርፎንንና ማይክሮፎንን ለመለየት የተሠራ ስለሆነ ሁለት ስፒከር አይነዳም፤ አንደኛው ስፒከር ይሠራል፣ ሌላው ዝም ይላል። በመልክ ሁለቱ በጣም ስለሚመሳሰሉ ባለሱቁም ሊያሳስተው ይችላልና ቀለበቶቹን ራስዎ ይቁጠሩ።

ድምፁ ለሁለት ሲከፈል በግማሽ ይቀንሳል የሚል ስጋት ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ማጉያ ያላቸው ስፒከሮች ላይ ይህ አይደርስም። የኤርፎን ቀዳዳ የተሠራው 32 ኦም አካባቢ ያለውን ኤርፎን እንዲነዳ ነው (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጭነቱ ይከብዳል)፤ ማጉያ ያለው ስፒከር መግቢያ ግን አብዛኛውን ጊዜ 10,000 ኦም አካባቢ ስለሆነ ከኮምፒውተሩ የሚስበው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለቱ ተጋርተው ሲሰኩ 5,000 ኦም ቢሆኑ እንኳ ለኮምፒውተሩ ቀላል ጭነት ነው። የድምፁን ጉልበት የሚሰጠው የእያንዳንዱ ስፒከር የራሱ ማጉያ ከራሱ መብራት ነው። በዚህም ምክንያት የኮምፒውተሩን ድምፅ ከፍ አድርገው፣ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን ከሦስት አራተኛ በላይ፣ ከተዉት በኋላ የእያንዳንዱን ክፍል ልክ በስፒከሩ ቁልፍ ማስተካከል የተሻለ ነው። ይህን ገልብጦ ኮምፒውተሩን ዝቅ፣ ስፒከሩን እስከ መጨረሻው ከፍ ያደረገ ሰው ከሙዚቃው ጋር የማያቋርጥ «ሽሽሽ» ይሰማል።

ሁለተኛው ጥንድ ከኋላው ቀይና ነጭ ክብ ቀዳዳዎች ያሉት ከሆነ በአንድ ወገን ጃክ፣ በሌላው ወገን ቀይና ነጭ ጫፎች ያሉት ገመድ ይግዙለት፤ ቀዩ የቀኝ፣ ነጩ የግራ ነው። በዩኤስቢ ገመድ መብራት የሚያገኙ ትንንሽ ስፒከሮችን በተመለከተ ደግሞ፣ ከዩኤስቢው ሌላ ጃክ ካላቸው ዩኤስቢው የሚወስደው መብራት ብቻ ነው፤ ድምፁ የሚመጣው በጃኩ ነው። አንድ የተለመደ ዩኤስቢ ቀዳዳ በ5 ቮልት የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ብቻ ስለሆነ ሁለቱንም ጥንድ በአንድ የዩኤስቢ ማብዣ ላይ መደራረብ ድምፁ ሲጎላ እንዲቆራረጥ ያደርገዋል። ከሁለቱ አንዱን በስልክ ቻርጀር ላይ ቢሰኩት ይሻላል።

ማጉያ የሌላቸው ስፒከሮች ጉዳይ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ዕቃ የሚቃጠለውም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ስፒከር ጀርባ 4፣ 6 ወይም 8 ኦም የሚል ጽሑፍ አለ። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በአንድ የአምፕሊፋየር መያዣ ላይ ጎን ለጎን ሲታሰሩ የጋራ ልካቸው ወደ 4 ኦም ይወርዳል፤ ሁለት ባለ 4 ኦም ከሆኑ ደግሞ ወደ 2 ኦም ይወርዳል። አምፕሊፋየሩ ከጀርባው የተጻፈበት ዝቅተኛ ልክ 4 ኦም ከሆነና እርስዎ 2 ኦም ካሸከሙት ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይግላል፣ መጨረሻ ላይም የውስጥ ትራንዚስተሮቹ ይቃጠላሉ። ጥፋቱ ወዲያው ስለማይታይ ብዙዎች ይዘናጋሉ፤ በዝቅተኛ ድምፅ ለሳምንታት ሊሠራ ይችላል፣ እንግዳ መጥቶ ድምፁ ከፍ ሲል ግን አደጋው ይደርሳል። ስለዚህ ለሁለት ጥንድ የተሠራ፣ «ኤ» እና «ቢ» የሚሉ መያዣዎችና መምረጫ ቁልፍ ያለው አምፕሊፋየር ያግኙ፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለማስኬድ የሚፈቅደውን የኦም ልክም ከጀርባው ያንብቡ። ሽቦውን ሲያስሩ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ጋር ያገናኙ። ከአንድ ጥንድ አንደኛው ብቻ ከተገላበጠ ሁለቱ ስፒከሮች አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የክራሩ ክር ይሰማል፣ የከበሮው ምት ግን ይሳሳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ሳሎን ውስጥ ፊልም፣ መኝታ ክፍል ውስጥ ትምህርት በአንድ ጊዜ እንዲሰማ ከተፈለገ ስፕሊተር አይረዳም፤ ኮምፒውተሩ ሁለት የድምፅ መውጫ ያስፈልገዋል። ለዚህ ርካሹና አስተማማኙ መንገድ እንደ ፍላሽ የምትሰካ ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ናት። ከሰኳት በኋላ ዊንዶውስ እንደ አዲስ የድምፅ መውጫ ይመዘግባታል። በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው ሲስተም፣ ሳውንድ፣ ከዚያም ቮልዩም ሚክሰር የሚለውን ቢከፍቱ እየሠሩ ያሉት ፕሮግራሞች በዝርዝር ይመጣሉ፤ ለእያንዳንዱም በየትኛው መውጫ እንዲሰማ መምረጥ ይችላሉ። በዊንዶውስ 10ም ይኸው ምርጫ ከ2018 ጀምሮ በወጡት እትሞች በሳውንድ ገጽ ውስጥ ይገኛል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ምርጫው የሚሠራው በፕሮግራም ደረጃ ነው፤ በአንድ ብራውዘር የተከፈቱ ሁለት ገጾችን ለይቶ ወደ ሁለት ክፍል አይልክም። ስለዚህ ፊልሙን በአንድ ብራውዘር፣ ትምህርቱን በሌላ ብራውዘር ይክፈቱ።

በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ሳውንድ ካርድ ሳይገዙም ሊሆን ይችላል። ሪልቴክ የተባለውን የድምፅ ክፍል የያዙ ብዙ ኮምፒውተሮች የፊቱንና የኋላውን ቀዳዳ ሁለት የተለያዩ መውጫዎች አድርጎ የሚያስለይ ምርጫ በሪልቴክ ፕሮግራም ውስጥ አላቸው። ይህ ካልተመረጠ ከፊት ሲሰኩ የኋላው ዝም ይላል፤ ተጠቃሚውም ሁለተኛውን ስፒከር በሰካ ቁጥር የመጀመሪያው ለምን እንደሚጠፋ ግራ ይጋባል።

በተቃራኒው ሁለት የተለያዩ መውጫዎች ኖረው በሁለቱም አንድ ድምፅ እንዲሰማ የሚፈለግበት ጊዜ አለ። ዊንዶውስ ውስጥ በድምፅ መቅጃዎች ዝርዝር የተደበቀ «ስቴሪዮ ሚክስ» የሚባል ነገር ይገኛል፤ የተዘጉ መሣሪያዎች እንዲታዩ ካዘዙ በኋላ ይክፈቱት፣ ከዚያ «ሊስን» በሚለው ገጽ ላይ ምልክት አድርገው ሁለተኛውን ስፒከር ይምረጡለት። ዋናው ድምፅ በኮምፒውተሩ የራሱ ካርድ መውጣት አለበት፤ በሊስን ገጽም ያንኑ ካርድ መልሰው አይምረጡ፣ ድምፁ በራሱ ላይ እየተመለሰ ያስተጋባልና። ሁሉም ላፕቶፕ ስቴሪዮ ሚክስ የለውም። በማክ ኮምፒውተር ይህ ሥራ ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ በሚባለው ፕሮግራም ባለ ብዙ መውጫ መሣሪያ በመፍጠር ይፈጸማል፤ ያኔ የኪቦርዱ የድምፅ ቁልፎች ስለማይሠሩ ልኩን በየስፒከሩ ላይ ያስተካክሉ።

ብሉቱዝ ስፒከር ያላቸው ሰዎች አንደኛውን በገመድ፣ ሌላውን በብሉቱዝ ማስኬድ ይፈልጋሉ። ለተለያየ ክፍል፣ በርም ከተዘጋ፣ ችግር የለውም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ወይም በተከፈተ በር በኩል ግን አልመክርም። ምክንያቱም የብሉቱዝ ድምፅ ታሽጎ ተልኮ እስኪፈታ ድረስ 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሊዘገይ ይችላል። እንደ ጎንደር አየር 20 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ይህ መዘግየት ስፒከሩን 69 ሜትር ያህል ከማራቅ ጋር እኩል ነው። ጆሮ እስከ 30 ሚሊሰከንድ አካባቢ ያለውን ልዩነት አንድ ድምፅ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በእጅጉ ሲያልፍ ግን ንግግሩ ይደጋገማል፣ ምቱም ይደናበራል። በገመድ የተገናኙ ሁለት ጥንዶች መካከል 10 ሜትር ርቀት ቢኖር እንኳ ልዩነቱ 29 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ ለቤት ገመድን የሚያህል የለም።

ሁለቱም ጥንዶች በአንድ ሳሎን ውስጥ የሚቀመጡ ከሆነ አቀማመጣቸው ከገመዱ ያላነሰ ይወስናል። የሁለቱም ግራ ስፒከሮች በአንድ ወገን፣ የሁለቱም ቀኝ ስፒከሮች በሌላው ወገን ይሁኑ፤ ሁለተኛውን ጥንድ በተቃራኒው ግድግዳ ላይ ፊት ለፊት ሲያስቀምጡ ይህ ሳይታሰብ ይገለበጣልና ስፒከሮቹን ማቀያየር አይርሱ። ሁለቱን ጥንዶች እኩል ከማስጮህ ይልቅ አንዱን ዋና አድርጎ ሌላውን ዝቅ ማድረግ ንግግርን ግልጽ ያደርጋል፤ እኩል ሲጮኹ በተለያየ ርቀት የሚደርሱት ሞገዶች በየቦታው ስለሚጋጩ አንዱ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ቃሉን አጥርቶ ሲሰማ አጠገቡ ያለው ይደናገራል።

ወደ ሌላ ክፍል የሚሄደውን ገመድ በበሩ መቃን ጠርዝ ወይም በኮርኒሱ ሥር ይምሩት። ፒያሳ አካባቢ ያሉት በጣሊያን ጊዜ የተሠሩ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ ለአንዲት ቀጭን ገመድ ብሎ ድንጋይ መብሳት አያዋጣም፤ ብሉቱዝም ቢሆን በእንዲህ ያለ ግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ ይዳከማል። የድምፁን ገመድ ከመብራት ገመድ ጋር አብረው አያጅሉት፤ መሻገር ግድ ከሆነም መስቀል ሠርቶ ይለፍ። ወደ ግቢ የወጣ ስፒከር ማታ ማታ ወደ ቤት ይግባ፤ በክረምት ደግሞ ነጎድጓድ ሲጀምር ወደ ውጭ የተዘረጋውን ገመድ ከኮምፒውተሩ ይንቀሉት።

ሁለተኛው ጥንድ ከተጨመረ በኋላ በብዛት የሚመጣው ቅሬታ «ዝዝዝ» የሚል የማያቋርጥ ጉርምርምታ ነው። የሚመነጨው ከመብራቱ የ50 ሄርዝ ምት ነው። ምንጩን ለማግኘት ስፒከሩ በርቶ ሳለ ጃኩን ከኮምፒውተሩ ይንቀሉና ጫፉን ሳይነኩ ያዳምጡ። ጉርምርምታው ከቀጠለ ችግሩ በስፒከሩ የራሱ የመብራት ክፍል ወይም በገመዱ ነው። ከጠፋ ግን በሁለት የተለያዩ ሶኬቶች መካከል በመሬት መስመር በኩል የሚዞር ኤሌክትሪክ አለ ማለት ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ይሞክሩት፤ ድምፁ ከጠራ ምክንያቱ ቻርጀሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩንና ሁለቱንም ስፒከሮች በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ጉርምርምታውን ያስወግዳል። ሁለተኛው ጥንድ ርቆ ሌላ ክፍል ውስጥ ከሆነና ይህ ካልተቻለ በድምፁ ገመድ መካከል የሚገባ፣ ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ያሉበት ማግለያ ይሸጣልና እርሱን ይጠይቁ። አንዳንዶች ጉርምርምታውን ለማጥፋት የስፒናውን የመሬት እግር ይቆርጣሉ። ይህን ፈጽሞ አያድርጉ፤ ያ እግር የዕቃው ብረት ኤሌክትሪክ ቢይዝ የቤተሰቡን ሕይወት የሚያድን ነው።

ሁሉም ከተገናኘ በኋላ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን፣ በመጨረሻም ስፒከሮቹን ያብሩ፤ ሲያጠፉ ደግሞ ከስፒከሮቹ ይጀምሩ። በተቃራኒው ከሆነ ኮምፒውተሩ ሲነሣና ሲጠፋ የሚልከው ምት በሁለቱም ጥንዶች «ጧ» ብሎ ይወጣል፣ ውሎ አድሮም ስፒከሩን ይጎዳል። መብራት በድንገት ሲሄድ የሁለቱንም ስፒከሮች ማብሪያ ወዲያው ያጥፉ፤ ሌላው ክፍል ያለው ብዙ ጊዜ ይረሳል። መብራቱ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ከረጋ በኋላ ኮምፒውተሩን ያስነሡ፣ ከዚያ ድምፃቸውን እስከ ታች ዝቅ አድርገው ስፒከሮቹን አንድ በአንድ ያብሯቸው።